የዳዊት ድርሻ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

የገና በዓል ሐሙስ ነው። አያቴ የደረሷቸውን የገና መዝሙሮች ዘንድሮ እንድመራ እማዬ ወስናለች። እስካለፈው ዓመት የሚመራን ወንድሜ ዳዊት ነበር። አያቴ ከመሞታቸው በፊት ግጥሙን በቃል ያስጠኑት እሱን ብቻ ነው፤ እኛ ተቀባዮች ነን። የዳዊት መርዶ ከግንባር የመጣው በጥቅምት ነው።

ከሰዓት በኋላ እማዬ የቀበሌ ሰው እንዳይሰማን መስኮቱን ዘጋችና «በል ጀምር» አለችኝ።

«እኔ እኮ የተቀባዩን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ያን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ቆመህ? አትቀልድ!»

ታናሽ እህቴ ሣራ ሳቀች። «ተዪው እማዬ፣ ድምፁም የፍየል ነው።»

ዳዊት ሲመራ እኔ የምጨነቀው ተራችን ሲደርስ እንዳልዘገይ ብቻ ነበር። ቢሆንም ጀመርኩ። ሁለት ስንኝ ወጣልኝ፤ ተቀበሉኝ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ጩኸቱ ስለሚሸፍነን እንደ ልማዳችን ድምፃችንን ከፍ አደረግን። ሦስተኛው ስንኝ ስለ እረኞቹ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ። እማዬ ለማጨብጨብ እጇን እንዳነሳች ጠበቀችኝ።

«አንቺስ አታስታውሺውም? አባትሽ አይደሉ የደረሱት?» አልኳት።

«እኔማ ዳዊት አለ ብዬ...» አለችና እጇን አወረደች።

ሐሙስ አክስቶቼ ከቡልቡላ ይመጣሉ። እነሱም ተቀባዮች ናቸው። የጎደለውን በራሴ ስንኝ ብሞላው ከመካከላቸው የሚያውቅብኝ የለም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።