በጭብጦ የተለካ ሽጉጥ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም እንስራውን እኔ ካልተሸከምኩት ትያለሽ? ልጆቹስ? ጌጡስ ባልሽ፣ በቅሎውን ሽጦ ባጃጅ ልግዛ ያለው ሐሳብ ወጣለት? የዓለም ከተማን አቀበትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ባጃጅ ይመኛል ብዬ አላምንም ነበር። በቅሎዋ ትስማና ትፍረድ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን በልቼ አድራለሁ። መሐል ሜዳ እንደምታውቂው ነው፤ በታኅሣሥ ሰው ሲገናኝ እጁን ከብብቱ አውጥቶ ለመጨበጥ እንኳ ያስብበታል። ናፍቆትሽ ግን ከብርዱ ይብሳል።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ነገር ግን አንቺ በስልክ ስትሰሚ ግማሹን ታለቅሺበታለሽ፣ ግማሹን ደግሞ ኔትወርኩ ይበላዋል። ደብዳቤ ይሻላል፤ ሲከፋሽ አስቀምጠሽው፣ እንባሽን ጠርገሽ ትመለሺበታለሽ። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ባለፈው ስትደውዪ የዒላማ ተኩሱ ነገር ምን ደረሰ ብለሽኝ፣ ደህና ነው ብዬ ዘጋሁብሽ። ደህና አልነበረም። ኢንስፔክተር ታዲዮስ፣ የፖሊስ ተኳሾች አሠልጣኛችን፣ በኅዳር መጀመሪያ ጠርቶኝ ዘንድሮ የመጨረሻህ ነው አለኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ዕድሜዬ አይፈቅድም። በዞኑ ውድድር አንደኛ ከወጣሁ ወደ ክልሉ ቡድን እገባለሁ፣ ከዚያም አሠልጣኝ ሆኜ እቀራለሁ። ካልሆነ ጡረታዬ እስኪደርስ በር ጥበቃ ነው። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ነኝ፣ አንድም ቀን ፊት አልወጣሁም። ሚስት አላገባሁ፣ ልጅ አላሳደግሁ፤ እርሻውንም ትቼ የወጣሁት በዚህ እጄ ተማምኜ ነው። ተኩስ ከቀረብኝ ማን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር።

በኛ ደንብ ተወዳዳሪ ሽጉጡን ከግምጃ ቤት ራሱ ይመርጣል፣ እንደ እጁም ያስተካክለዋል። ማካሮቭ አለ፤ ጭቃ ውስጥ ቢወድቅ የማይታመም፣ ግን አፈሙዙ አጭር፣ በጣት የሚሳበው ምላጩም እንደ እንቢተኛ በሬ ካልጎተቱት የማይላወስ። ስታር አለ፤ ሲያዩት የሚያምር፣ ሲተኮስ ግን አፉን ወደ ሰማይ የሚሰቅል። ሦስተኛው በትንንሽ ጥይት የሚሠራ፣ አፈሙዙ ረጅም፣ ለውድድር ብቻ የተሠራ ሽጉጥ ነው። እጀታው ተሰንጥቆ ሰው ሁሉ ስለናቀው ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ይኖር ነበር።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዘነበች የምትባል ሳጅን ናት። የሞላሌ ልጅ ናት፤ አባቷ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ናቸው፣ እሷም እንጨትና ሞረድ ከሳቸው ተምራለች። ምላሷም ከሞረዷ አያንስም። ስታሩን ሳነሳ አየችኝና በመልክ የሚመርጥ ሚስት የሚያጭ ነው፣ ሽጉጥ የሚመረጠው እጅ ሲያውቀው ነው አለችኝ። ሚስትም እንደዚያው ይመስለኛል አልኳት።

ከዚያ ዓይንህን ጨፍን አለች። ጨፈንኩ። ሦስቱንም በየተራ እያስያዘች ክንዴን ወደ ግድግዳው ዘርጋ፣ አሁን ግለጥ ትለኛለች። በማካሮቩ ስገልጥ አፈሙዙ ወለሉን ያያል። በስታሩ ስገልጥ ጣሪያውን። በተሰነጠቀው ስገልጥ ግድግዳው ላይ ካለችው ሚስማር ፊት ለፊት ቆሟል። ያንተ ይሄ ነው አለች፣ ነገሩም በዚያ አለቀ።

አዲስ እጀታ ከወይራ ልትጠርብልኝ ሆነ። መለኪያ ደግሞ ያስፈልጋል። ሌላ አገር በምን እንደሚለኩ እንጃ፣ መንዝ ውስጥ ግን በሶ አለ። የገብስ በሶ በውኃና በጨው ጠንከር አድርጋ ለወሰችና ጭብጦውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘች ይህችን እዚህ፣ ይህችን እዚያ፣ አሁን ሽጉጥ እንደያዝክ ጨብጥ አለችኝ። እታለም፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ እጄን እንደዚያ አድርጎ የያዘው ሰው አልነበረም። እንዳታውቅብኝ ጉንፋን የያዘኝ መሰልኩ።

ጭብጦው ደርቆ በሱ ልክ የእጀታውን ግማሽ ጠረበች። አንድ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጾሜ፣ ከጥበቃ ተመለስኩና ግምጃ ቤት ገባሁ፤ እሷ የለችም፣ መደርደሪያው ላይ ግን ጭብጦ አለ። በላሁት። ጨውም አልጎደለው። ስትመጣ ፍርፋሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ እጅህን በላኸው ወይ አለችኝ። እስክታለቅስ ሳቀች። ሁለተኛውን ግን ከአመድ ጋር ለወሰችውና አሁን ብላ አለችኝ። ያኔም ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያስቀመጠችው። ሦስተኛ ጭብጦ አለማስፈለጉ ቆጨኝ።

ምላጩንም አለዘበችልኝ። ደንቡ ምላጩ ከአንድ ኪሎ ባነሰ ክብደት ሊሳብ አይገባም ይላል፤ ዘነበችም ከገበያ የሚዛን ብረት ተውሳ እያንጠለጠለች፣ እየሞረደች፣ ደግማ እያንጠለጠለች አስተካከለችው። በመጨረሻ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ገና ሳታንኳኪ እንደሚከፍትልሽ ሆነ።

ያስቸገረው ማነጣጠሪያው ነው። የፊተኛው ዘንግ ቀጠነብኝ አልኳት፤ ወፍራም ሠርታ ተከለችልኝ። የኋለኛው ክፍተት ጠበበኝ አልኳት፤ አሰፋችልኝ። ጥቁሩ አልለይ አለኝ ስላት ነጭ ቀባችው፣ ነጩም ሲጠፋኝ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ አደረገችው። በጠየቅኳት ቁጥር ሥራዋን ትታ ትኩር ብላ ታየኝ ነበር። እኔም ጉሙ ነው፣ ዘንድሮ ጉሙ አልለቅ አለን እላታለሁ። እሺ ትላለች።

የምንለማመደው በጓሳ አፋፍ፣ ድሮ ድንጋይ ይወጣበት በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንዴት ልንገርሽ፣ እነዚያ ቀኖች ሕልም ነበሩ። ሣሩ በውርጭ ረጥቦ ይሸታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከላይ ተቀምጠው እያኘኩ ያዩናል፤ ተኩሱን ለምደውት ቀና እንኳ አይሉም። ክንዴን ሳነሳ ዓለም ሁሉ ወተት ይሆናል። በወተቱ መሐል ዒላማው እንደ ጥላ ይንሳፈፋል፣ ቢጫዋ ነጥብ እዚያ ላይ ሄዳ ታርፋለች፣ ትንፋሼ ይቆማል። ከዚያ ተኩሱ ሳላዝዘው ይወጣል፤ ሌላ ሰው ሩቅ ቦታ የተኮሰው ይመስለኛል። ዘነበች ከጎኔ ቆማ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ታች፣ እሰይ ትለኛለች። በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጌ ተኩሼ አላውቅም። እንደዚያ ደስ ብሎኝም አያውቅም። ቢቻለኝ ውድድሩ እንዳይደርስ እመኝ ነበር።

ደረሰ። ዘንድሮ የተደረገው ሞላሌ ነው፣ ያውም በገበያ ቀን፤ በግ ሊሸጥ የመጣው ሁሉ በጉን ይዞ ሊያየን ቆመ። ከቀኝ በኩል አጠገቤ የተመደበው ማዕረግ የሚባል ጎበዝ ልጅ ነበር። ዘነበች ከገመዱ ውጪ ቀረች፤ በውድድር ላይ ተኳሽን ማነጋገር ክልክል ነው። ጉሙ እዚያም ተከትሎኝ መጥቷል። እኔ ግን አልፈራሁም። ክንዴን አነሳሁ፣ ጥላው ተንሳፈፈ፣ ቢጫዋ አረፈችበት፣ ተኩሱም እንደ ጓሳው ሳላዝዘው ይወጣ ጀመር። አንዱንም አልሳትኩም። ተኳሽ ያውቃል እታለም፣ ጥይቱ የዒላማው ካርቶን ጋ ሳይደርስ ልቡ ይነግረዋል። ስጨርስ ዘንድሮስ አንደኛ ነኝ ብዬ ሽጉጤን አስቀመጥኩ።

ካርቶኖቹ ሲመጡ የኔው ምንም አልነካውም። አንዲት ቀዳዳ የለበትም። የማዕረግ ካርቶን ግን ከተኮሰው በላይ ቀዳዳ አለበት፤ የራሱ ወዲያና ወዲህ ተበታትነዋል፣ የቀሩት ግን መሐሉ ላይ እርስ በርስ ተደራርበው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ሆነዋል። የኔ ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰው ዒላማ ላይ ስተኩስ ነበር። በደንቡ ይህ ዜሮ ነው። ከገበያተኛው አንዱ ሽማግሌ ጎበዝ፣ አሳምሮ አረመ፣ ማሳው ግን የጎረቤቱ ነው ብለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ዳኛውን በዚህ ጉም የዒላማውን ቁጥር ማን ሊለይ ይችላል ብዬ ጠየቅሁት።

ዳኛው ቀስ ብሎ የምን ጉም አለኝ። ከማለዳ ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበር፣ ደመና እንኳ እንዳልታየ የነገረኝ ማዕረግ ነው፤ የሚያጽናናኝ መስሎት። በታኅሣሥ መንዝ ላይ ጉም እንደማይከርም እኔ ራሴ መች አጣሁት? ግን ሰው ያልፈለገውን ነገር እስኪነግሩት ይጠብቃል።

ዘነበች ገመዱን አልፋ መጣች። ሽጉጡን ተቀብላ ጥይት አለመኖሩን አየች፣ መንገዱ ድንጋይ ነው ብላ ክርኔን ያዘች። ዓይኔ እየሄደ መሆኑን በቢጫው ቀለም ጊዜ እንዳወቀች ያኔ ነገረችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። እዚያ ጓሳ ላይ ስትተኩስ ፊትህን አላየኸውም አለችኝ።

ፈቃድ ወስዳ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። በዓይኔ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻል ይሆናል አሉ። አታልቅሺ። ሰው አያለሁ፣ በር አያለሁ፣ በግና ውሻ እለያለሁ። ጠበልም እገባለሁ፣ ጠብታውንም አልተውኩም። ሥራዬን በሚመለከት ታዲዮስ ለበላዮቹ አመልክቷል፣ ገና መልስ አልመጣም። ማዕረግ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ያንን ካርቶን ጠይቆ አምጥቶልኛል። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጣቴ ገባበት። የዚያን ቀን እንደኔ የተኮሰ አልነበረም እታለም። ዕድሜ ልኬን የፈለግሁትን አንድ ቀን አግኝቼዋለሁ፣ የማንም ዒላማ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ለምን አታገባም እያልሽ ስንት ዘመን ጆሮዬን በላሽው። እንግዲህ ገና ሲያልፍ ጌጡን ላኪልኝ። የንስሐ አባታችንን መምሬ ቴዎፍሎስንም ይለምናቸውና አብረው ሞላሌ ይሂዱ፣ ሞፈር ጠራቢው ቤት ገብተው ልጅዎን ለልጃችን ይበሉ። ዓይኔን ግን አይደብቁ። ልጅቱ የምትገባበትን አውቃ ትግባ፤ እምቢ ብትልም አልቀየማትም።

ይህን ስናገር እስክሪብቶው ቆመ። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ፣ ስለ ምላሷ ያልኩትን ጭምር፣ ዘነበች ራሷ ሳትቆርጥ ስትጽፍልኝ ቆይታለች። ጻፊው እንጂ አልኳት። ቆይቶ መጫር ጀመረ። አንብቢልኝ ብላት አላነብም አለች፣ እኔ ደግሞ ፊደል ከሸሸኝ ሰንብቷል። ጽፋው እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የእናታችን አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ለጌጡ፣ ለጎረቤት፣ ለበቅሎዋም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የምትሳሺለት ታናሽ ወንድምሽ

እትዬ፣ ይህችን እሱ አላስጻፈኝም። አባቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤት አይወጡም።