ወደ ጫት ተራ የዞረው ድምፅ ማጉያ

ለተከበሩ የፈጣን የሥነ ልቦና ፈውስ ሥልጠና አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አላህ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎት፣ እንቅልፍም አይንሳዎት እያልኩ ከጭሮ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የሀሚዳ ጎረቤት ሹክሪያ ነኝ። ሀሚዳን መቼም አይረሷትም፤ ከሂርና፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ለመጡት ሠልጣኞች የዓመታት ቁስል በአንድ ቀጠሮ እንዴት እንደሚሽር ያሳዩባት ሴት ናት። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላቅርበው።

፩. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሀሚዳ ባሏ በሚኤሶ መንገድ ሲገደል የገዳዩን ፊት አይታ፣ ማንነቱንም አውቃ፣ ለፖሊስም ለእናቷም ሳትናገር ዓመታት ዝም ብላ ኖራለች። እኛ ጎረቤቶቿ ይህን ሁሉ ጊዜ ያልሰማነውን ስም እርስዎ ከምሳ በፊት አወጡት። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ፊቱን በሐሳብሽ አምጪው፣ ስሙን ጥሪውና ይለቅሻል አሏት፤ እሷም አምናዎት ጠራችው።

፪. ማይክሮፎን ስለሰጧትም አመሰግናለሁ፤ ከኋላ የተቀመጡት እንዲሰሙ አስበው ነው። በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ያለው ትልቁ ድምፅ ማጉያ ግን ከቀደመው ቀን ስብሰባ እንደተከፈተ ነበር፤ የዞረውም ወደ ጫት ተራ ነው። የጭሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ነገር ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረዎትም። ገበያው በደራበት ሰዓት ነጋዴውም ሹፌሩም ሥራውን አቁሞ ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሀሚዳ ቃል ሂርና ለመድረስ ሚኒባስ እንኳ አልጠበቀም።

፫. ስለ ጭብጨባውም እንዲሁ። ሥቃይሽ ከአስር ስንት ነው ሲሏት ዜሮ አለች፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እውነቷን ነበር፤ ያን ቀን እያዛጋች መጥታ እንደ ሕፃን ተኛች። አሮጌውን ፍርሃት በእርግጥ ነቅለውላታል፣ በዚህ አልቀልድም። አዲሱ የመጣው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ስሙ የተጠራው ሰው ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ጫቱን መቃም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም። አይቆጣም፣ አይሳደብም፤ ስንወጣ ስንገባ አሰላሙ ዓለይኩም ይለናል፣ የሀሚዳን ልጆች በየስማቸው እየጠራ ስለ ትምህርታቸው ይጠይቃቸዋል። ስማቸውን ማን እንደነገረው አናውቅም። ለፖሊስ ብናመለክት ዓይኗን ጨፍና የሰጠችው ቃል ማስረጃ አይሆንም፣ ጥላ ሥር መቀመጥም ወንጀል አይደለም ተባልን። ሀሚዳ መጋረጃዋን አትገልጥም። እኔም እፈራለሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርስዎ አፍስሰው ሄዱ፣ ለቀማው ለእኛ ቀረ። ስለዚህ ሀሚዳንና ልጆቿን ከጭሮ የሚያወጣ መኪና እንዲልኩልን በትሕትና እለምናለሁ። መኪናዎ ለመሄድ ፈጣን መሆኑን አይተናል።

ትጋትዎን የማትረሳ፣ በሯን በሁለት መቀርቀሪያ የምትዘጋ፣
ሹክሪያ
ከጭሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሀሚዳ በሁለተኛው ዙር ሥልጠና ተገኝታ ስለ መዳኗ እንድትመሰክር የላኩት የጥሪ ወረቀት ደርሶናል። መልእክተኛዎ በሩን የሚከፍትለት ቢያጣ፣ ዛፉ ሥር ለተቀመጠው ሰው አደራ ብሎ ሰጥቶት ሄደ። ሰውየው ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾለከልንና፣ በመንገድ እንዳትቸገር፣ መኪና አለኝ፣ እኔው አደርሳታለሁ አለ።