እርም ያወጣንበት ሻንጣ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ ለአብርሆት ጣሰው፤
ቤይሩት።

እንዴት ሰንብተሻል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይ? ማዳምሽስ አመሏ ረገብ አለ ወይስ ዛሬም ምንጣፉን በቀን ሁለቴ ታስጠርግሻለች? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባ ዐይኑ ትንሽ ደከም ብሏል። እማማ እንደምታውቂያት ናት፤ ከዶሮዎቿ ጋር ተነሥታ ከዶሮዎቿ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። ቡናው ደርሶ ለቀማ ላይ ነን፤ ዝናቡ ግን አልወጣ ብሎ የተሰጣውን ስናነሣና ስንመልስ ነው የምንውለው።

የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ቴሌ ድረስ ሄጄ ነበር። ሰው ከኋላ ተሰልፎ እየሰማ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ጮኸው የሚናገሩት ነገር ሆኖ አላገኘሁትምና ተመለስኩ። ስለ ጓደኛችን ስለ ውባየሁ ሻንጣ ነው።

ነፍሷን ይማርና ውባየሁ እዚያው የሰው አገር ስትቀበር፣ «አፈሯን ባናደርስላቸው ልብሷን እንኳ ለእናቷ እናድርስ» ያልሽው አንቺ ነሽ። ሦስታችን ለእሁድ እሁድ በተከራየናት ክፍል ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አጥፌ የከተትኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ስወርድ የእኔ ሻንጣ መጣ፣ የእሷ ቀረ። ያ ሻንጣ ተሸክሞ የሚዞረው ነገር ባዶውን ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ጠበቅሁ። የአየር መንገዱ ልጅ አውሮፕላን በቀየርንበት አገር ቀርቶ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው በረራ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ሁለት ወር ሙሉ የሚቀጥለው በረራ አልደረሰም።

ለፋሲካ ስትመጪ እንግዲህ አደራዬን ስሚ። ሻንጣሽ ላይ ያንን ረጅም ወረቀት ሲያስሩ አዲስ አበባ የሚል መሆኑን በዐይንሽ ሳታዪ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ። ፓስፖርትሽ ላይ የሚለጥፉልሽን ቁራጭ እንደ ክታብ ያዢያት፤ ያለ እሷ ማንም አይሰማሽም። ሻንጣው ካልመጣ «ነገ እመለሳለሁ» ብለሽ ከአዳራሹ አትውጪ፤ እዚያው አስመዝግቢና የወንድማችንን የማዕረግን የቢሮ ስልክ ስጪ። ስምሽን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም አድርጊ፤ የላዩ ይላጣል። የማይተካ ነገር ካለሽ ደግሞ ከእጅሽ አይለይ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብኝ ነው።

የውባየሁ እናት እትዬ ላቀች በየቅዳሜው ኮረሪማቸውን ይዘው ከሺሺንዳ ለቦንጋ ገበያ ሲመጡ መጀመሪያ የሚረግጡት የእኛን ደጅ ሆነ። «ልጄ መጣች?» ነው የሚሉት፤ ሻንጣው መጣ ወይ አይሉም። መርዶውን ከሰሙ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣቸውም። «ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ በምን ላይ ላልቅስ? ልብሷ ይምጣና እርሜን ላውጣ» ይሉ ነበር። እህል የሚቀምሱት በግድ ነው። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ሸለብ ሲያደርገኝ ውባየሁ በዚያ በሚዞረው ነገር ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ትዞራለች። ላነሣት እጄን ስዘረጋ ታልፈኛለች፤ ሌላውም ሰው የእኔ ናት ብሎ አያነሣትም።

በጥቅምት ማዕረግ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄድ ቁራጯን ወረቀት ሰጠሁት፤ ሻንጣ ይዞ መጣ። ጥቁር ነው፣ ባለ ጎማ ነው፣ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የታሰረበት ወረቀት ግን ተቀዷል። የእኛ አገር ልጅ ሁሉ ሻንጣ የሚገዛው እዚያው ቤይሩት ከዶራ ገበያ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔም ሳየው እሱ ነው አልኩ። እትዬ ላቀች ለቅሶው ሳይደርስ እንዳይከፈት አደራ ብለው በዚያው ቀን ሺሺንዳ ወሰዱት።

እሁድ ድንኳን ተጣለ። ለቀስተኛው ከየገጠሩ መጣ። ፕላስተሩን ቀድጄ እንድከፍት የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ከላይ ቢጫ ቀሚስ ነበር። እታለም፣ ያንን ቀሚስ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ላቀች ነጥቀውኝ ፊታቸውን ቀበሩበት፤ «ሽታዋ ነው!» ብለው ጮኹ። የወራቱ እንባ ሁሉ ያን ጊዜ ወረደ። ሴቶቹ ልብሱን አንድ በአንድ እያነሡ አለቀሱ። ቀሚሱ ለዚያች ለመለሎዋ ውባየሁ እንደሚያጥር ያዩ ነበሩ፤ «ዐረብ አገር አኮማትሯት ነበር ማለት ነው» ብለው ባሰባቸው። እኔም የእሷ አይደለም ሳልል አብሬያቸው አነሣሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪ ነበር? ማታ እትዬ ላቀች ቆጮ አስቀርበው በሉ። እርማቸው ወጣ ብሎ ሰው ሁሉ አመሰገነ፤ እኔም ከበሉ ምን ቸገረኝ ብዬ ተጽናናሁ።

ባለፈው ሳምንት የማዕረግ ቢሮ ስልክ ተደወለ። ከአየር መንገዱ ናቸው። የወሰድነው ሻንጣ የሌላ መንገደኛ ነው፤ ባለቤቷ በየቀኑ እየተመላለሰች ትጠይቃለች፤ የእኛ ተገኝቷል፤ ያኛውን መልሱ አሉ። ለካ ያ ሁሉ ሰው በድንኳን ተቀምጦ ያለቀሰው በቁሟ ባለች ልጅ ላይ ነው።

ሺሺንዳ ሄጄ ነገርኳቸው። ይጮኻሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። «ባለቤቷ በሕይወት አለች?» ብቻ አሉኝ። አለች አልኳቸው። ተነሥተው ልብሱን በሙሉ ወንዝ አወረዱት፤ የለቅሶ እንባ ያለበት ልብስ ሕያው ሰው መልበስ የለበትም ብለው አንድ በአንድ አጠቡት። አብሬያቸው ሳሰጣ ቀና ሳይሉ «ጫማው ትንሽ ነበር። የውባየሁን እግር እኔ አላውቅም?» አሉ። ቀሚሱን እየዘረጉ ደግሞ «ሻንጣ ከተቀያየረ ሰውስ አይቀያየርም?» አሉኝ።

ማዕረግ ያኛውን አስረክቦ የእኛን አመጣ። ከፈትኩት፤ እሱ ነው። እኔ ያጠፍኩት እንዳጠፍኩት አለ፤ አንቺ የሠራሽላት ሰማያዊ ሹራብ ከላይ ነው። እትዬ ላቀች ግን ሊነኩት ቀርቶ ሊያዩት አልፈለጉም። «እዚህ ይቀመጥ። ስትመጣ ትለብሰዋለች» አሉ። ጥቁራቸውን አውልቀዋል። ዛሬ ቅዳሜ መጥተው ከበራፍ ቆመው «ልጄ መጣች?» አሉ። አሁን ግን ሻንጣውን እንዳልሆነ እኔም እማማም እናውቃለን። ሻንጣው አልጋዬ ሥር ነው። ሰው ሲራመድ ወለሉ ስለሚነቃነቅ ጎማው ትንሽ ይንከባለላል፤ በሰማሁት ቁጥር መጣች እላለሁ።

እታለም፣ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። ሆስፒታሉ አንድ ሰው ብቻ ይግባ ሲል የገባሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስትወጪ እያለቀስሽ ነበርና አልጠየቅሁሽም። ፊቷን ገልጠሽ አይተሻል? ወይስ ወረቀቱ ላይ ስሟን አይተሽ ነው የፈረምሽው? አትቆጪኝ። አሮጊቷ የሚሉት ሐዘን ያመጣው ነው እያልኩ ራሴን እመክራለሁ፤ ሲመሽ ግን ምክሩ አይሠራም። «በዐይኔ አይቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ላኪልኝ፤ እሱን ይዤ ሺሺንዳ እሄዳለሁ።

አባባ «የእኔን ዐይን ተዪው፣ አንቺን ለማየት ይበቃል» ብሎ ጉንጭሽን ስሞሻል። እማማ ለፋሲካ የምታርድልሽን ዶሮ ከአሁኑ ለይታ ሰላም ትልሻለች። ማዕረግም ሻንጣ ተሸካሚ አደረጋችሁኝ እያለ ሰላም ብሎሻል። ማዳምሽን ግን ሰላም አልላትም።

እትዬ ላቀችም ስለ አንቺ ጤና ደጋግመው ጠይቀው ሰላም ብለውሻል። ለውባየሁም እናትሽ ደኅና ናት፣ ልብስሽ በደኅና ደርሷል በይልኝ ብለዋል። ጻፊው ብለው ከፊቴ ስለቆሙ ጻፍኩት።

እኅትሽ ትሁት ጣሰው
ቦንጋ፣ ኅዳር 1996 ዓ.ም.