ላኪው ጋሽ ጀማል

ሐርጌሳ፣ ሐሙስ ጥር ፲፬

የሥራ ፈቃዴ እሁድ ያበቃል። ማሳደሻው አልሞላ ስላለኝ ልጄ ዘይነብ ከድሬዳዋ የጎደለውን ላከችልኝ። ወርቋን ሸጣ ይሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ዛሬ ያጠራቀምኩትን በኪሴ ይዤ የላከችውን ልቀበል ሐዋላ ቤት ሄድኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን ልሄድ ነበር።

በዚያ ቤት ገንዘብ ስልክ እንጂ ስቀበል የታየሁበት ቀን የለም። ከኋላዬ ለሳኙ ኑረዲን ተሰልፏል። እህቱ ገንዘብ በላከችለት ቁጥር፣ «ወንድ ልጅ በሴት ይጦራል?» እያልኩ የምቆጣው እሱን ነው።

«ጋሽ ጀማልን አስቀድሟቸው!» አለ ጮክ ብሎ። «እሳቸው እንደኛ የሰው እጅ ጠባቂ አይደሉም፣ ላኪ ናቸው!» ሰልፈኛው ሳቀ።

ጅግጅጋ አድጋ አማርኛ የምታውቀው የሐዋላ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ቀና ብላ፣ «እንደ ወትሮው ለዘይነብ ነው፣ አባባ?» አለችኝ።

ልቀበል ነው የመጣሁት ማለት አቃተኝ። «አዎ፣ ለዘይነብ» ብዬ የኪሴን ሁሉ አውጥቼ ሰጠኋት።

ከዙህር ሶላት በኋላ ዘይነብ ደወለች።

«አባ፣ ይሄ ምንድን ነው? የላክሁልህን መለስክብኝ እንዴ?»

«አይደለም። ለልጆቹ ልብስ ግዢበት።»

«ፈቃዱስ?»

«ታድሷል፣ አልሐምዱሊላህ።»

በውሸቴ ላይ የአላህን ስም ጨመርኩበት። እሷ ግን በደስታ አለቀሰች።

ነገ ጁምዓ ነው፣ የኢሚግሬሽን ቢሮው ዝግ ነው። ቅዳሜ በጠዋት የሷን ብቀበል እንኳ ብቻውን አይበቃም። የላክሁትን መልሺልኝ ልላት ስልኩን ደጋግሜ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።