በባሎቻችን ላይ የጣልነው ሕመም

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ተሻለች፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ዱባይ ሙቀቱ በርትቷል ይላሉ፤ ማዳምሽ የክፍልሽን ኤሲ ማጥፋቷን ተወች ወይስ ያው ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት እንደምታውቂው ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሰው ጥላ እየመረጠ ነው የሚሄደው። የእማዬ ደም ግፊት ተስተካክሏል፤ ቁጣዋ ግን አልወረደም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። አንቺ ግን ድምፅ ሲላክልሽ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምትከፍቺው። ስለዚህ ለልብስ ንግድ እዚያ ለምትመላለሰው ለመጋላዋ ናሲሞ ሰጥቻታለሁ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ነገሩ ከሀብተ ማርያም ጋር የተለያየሽበትን ጉዳይ ይነካል፤ እንዳትቆጪኝ።

ባለፈው ወር ከታች ያሳክከኛል፣ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገርም ይወጣኛል ብዬሽ ነበር። አንቺም ባልሽ ከመንገድ ያመጣልሽ ነው፣ እኔም ሀብተ ማርያም ያተረፈልኝ ይኸው እስከ ዛሬ እየተመላለሰ ያስቸግረኛል አልሽኝ። ኃይለየሱስ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነውና ለማመን ብዙም አልቸገረኝም። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ፍራሹን ሳሎን አነጠፍኩለት። ሻዩንም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬለት ፊቴን አዞር ነበር።

መድኃኒቱን ደግሞ እዚህ ሰፈራችን ከዚራ የሚያውቀኝ ሰው ይበዛል ብዬ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ሄድኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። ባለመድኃኒቱ ምን ልስጥሽ ሲለኝ አፌ ላይ የመጣልኝ እናቴን የእግር ፈንገስ ይዟታል የሚል ነበር። ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ለእግር የሚሆን ቅባት ሰጠኝ፤ ከእግር ሌላ ቦታ እንዳይነካም አስጠነቀቀኝ። እኔ የሚያሳክክ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ መስሎኝ ቤት ገብቼ ተቀባሁት። ያቃጠለኝን ማቃጠል አልነግርሽም። የበርሜሉን ውሃ ጨረስኩት። እማዬ በር ላይ ቆማ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ረሳሽው ወይ እያለች ትቆጣለች።

በማግስቱ እያነከስኩ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ፊልሳን የምትባል ነርስ አየችኝ። ስለ እግሩ ቅባት ስነግራት ሳቋን ዋጠችው፤ ቁስሉን ካየች በኋላ ናሙና ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። የእርሾ ፈንገስ ነው ተባለ። ሰሞኑን የወሰድሽው መድኃኒት አለ ወይ ስትለኝ፣ ለቶንሲል የዋጥኩትን አሞክሳሲሊን ነገርኳት። ሳያስነሳው አልቀረም አለች፤ ፈንገሱ ድሮም በሴት ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ ያለ ነው፣ አሞክሳሲሊኑ ደጉን ባክቴሪያ ሲጨርስለት ቦታ አግኝቶ ይበዛል። ባሌ ነው ያመጣብኝ አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ፣

«ይሄ እኮ ወንድ ያልነካትን ልጅም ይይዛል» አለችኝ።

ክሎትሪማዞል አዘዘችልኝ። ኪኒኑ አይዋጥም፤ ስተኛ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፣ በቀን አንድ ለስድስት ቀን። ክሬሙ ደግሞ የእግሩ ቅባት ያቆሰለው ሲደርቅ ከውጭ ጠዋትና ማታ ይቀባል። ማሳከኩ በሦስተኛው ቀን ተወኝ፤ እስኪያልቅ አታቋርጪ ስላለችኝ ጨረስኩት። ውስጡን በሳሙና መታጠብም ከልክላኛለች። እማዬ ያስለመደችንን የሎሚ ውሃማ ስትሰማ ራሷን ያዘች።

ኃይለየሱስ ከጉዞ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ብትጠይቂኝ እመልስልሽ ነበር» አለ። ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ መለሰው። እራት በልተን ስናበቃ ግን፣ ሲለያዩ የሀብተ ማርያምን አልጋና ቁምሳጥን በመኪናዬ ጭኜ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱስ ምን አድርጎ ነበር አለኝ።

እትዬ፣ ያንቺም የኔው ዓይነት ነበር ልልሽ አልችልም፤ ያኔ አልተመረመርሽም። ሀብተ ማርያምም መልአክ ነበር አልልም። ግን ሰባት ዓመት ብቻሽን ስትኖሪ እየተመላለሰ የሚይዝሽ እሱ ትቶልሽ የሄደው ሊሆን እንዴት ይችላል? የምልክቱን ዓይነት ለሲስተር ፊልሳን ነገርኳት። ሳያዩ አይታወቅም፣ የሚመላለስ ከሆነ ግን ትመርመር፣ ስኳሯንም ትለካ ብላለች። ስለዚህ መድኃኒቱን በግምት ገዝቼ አልላክሁልሽም። እዚያ ክሊኒክ ሂጂ፤ እንደኔ እግር ነው ብለሽ እንዳትዋሺ።

እማዬ ትስምሻለች፣ ክረምቱ ሳያልፍ እንድትመጪ ትላለች። ልጄ ዳጊ ወደ ሰባተኛ ክፍል አልፋለች፣ ሽቶ ላኪልኝ ብላለች። ኃይለየሱስ ሰላም ብሎሻል፣ አልተቀየመሽም። ሀብተ ማርያም ሰላምታ አልላከም፤ እንደምጽፍልሽም አያውቅም። ያው ለብቻው ነው። ባገኘኝ ቁጥር ምን አድርጌያት ነው ብሎ እንደሚጠይቀኝ ነግሬሻለሁ። ምክንያቱን እንዳልነግረው አስምለሽኝ ስለነበር ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ አንተ ታውቀዋለህ እለው ነበር። ባለፈው እሑድ ከሩቅ ሳየው መንገድ ቀየርኩ።

እህትሽ ሶፊ
ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.