ከመደርደሪያው የጎደሉት ሬዲዮዎች

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ ከእህት በላይ ለሆንሽኝ፤

እንዴት ነሽልኝ? ልጅሽስ፣ ጥርስ አበቀለ? ባለቤትሽ ደህና ነው? የጅግጅጋ ብርድ ለወገቤ አልተስማማኝም ብለሽ ነበር፣ ተሻለሽ? እኛ ጋ ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ገና በአራት ሰዓት አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ብንሆን ገና ሳልጀምር «ተዪው፣ ምንም አይደለም» ትዪኛለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ሳታቋርጪኝ እንድትሰሚኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ለሠርግሽ የሰጠሁሽ ሬዲዮ፣ ያ ቡናማ እንጨቱ የሚያብለጨልጨው፣ ስልክሽን ስታገናኚው ከውስጡ የሴት ድምፅ በቻይና ቅላጼ በእንግሊዝኛ «ተገናኝቷል» የሚለው፣ ትዝ ይልሻል? አማቶችሽ በሳቅ ሊሞቱ ነበር። የት አገኘሽው ስትዪኝ ከአዲስ አበባ አስመጣሁት አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ከአባባ መደርደሪያ ነው ያወረድኩት።

መደርደሪያውን መቼም አትረሺውም፤ ልጆች ሆነን ስንነካው ጣታችንን በእርሳስ ቸብ ያደርገን ነበር። አባባ ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን ፊት ለፊት ክፍል ሬዲዮ ሲጠግን ኖረ። ለጥገና ተሰጥቶት ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ አሥራ አንድ ሬዲዮ ነበረው። አንዱ ተሰዶ፣ አንዱ ሞቶ፣ አንዱ ረስቶ። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ የባለቤቱ ስም በወረቀት ተለጥፏል። ሽጠው እንጂ ሲሉት «የሰው አማና ነው፤ አደራ አይሸጥም» ይል ነበር። የመጋላ ገበያ ነጋዴዎች ሳይቀሩ፣ ጋሽ ሽመክት ጋ ያስቀመጥከው መስጊድ ውስጥ እንዳስቀመጥከው ነው ይሉ ነበር።

የአባባ ዓይን ሲጠፋ እኔ መሸጥ ጀመርኩ። ታይዋን ገበያ ስልክ የሚጠግነው ዲሪር አንድ ቀን አባባን ሊጠይቅ መጥቶ፣ «አቦ፣ እነዚህ እኮ አሁን ፋሽን ናቸው፤ ሆዳቸውን ባዶ አድርጌ ብሉቱዝ ልክተትባቸው» አለኝ። አንዱን ሞከርን። አምፖሎቹንና ያንን ከባድ ትራንስፎርመር አውጥቶ መዳፍ የማትሞላ ቦርድ አስገባ። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ብለቀው ሰው አበደ። ካፌው፣ ሆቴሉ፣ ሙሽራው፣ ሁሉም ለእኔ አለ። ስድስቱን ሸጥኩ። ሰባተኛውን፣ ከሁሉም የሚያምረውን፣ ላንቺ አደረግሁት። ለአባባ ሕክምና ብዬ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አይደለም። ሰው እጅሽ ወርቅ ነው ሲለኝ ደስ አለኝ፣ ይኸው ነው። ስም ያለባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ልጬ ጣልኳቸው።

ባለፈው ወር አባባ ከአልጋ መነሳት አቃተው። ኩላሊቱ ነው አሉ። አንድ ጠዋት ጠራኝና «አማና ይዤ አልሄድም፤ መደርደሪያው ፊት ቁሚ፣ ልጥራቸው» አለኝ። ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸዋል። እሱ ስም ይጠራል፤ እኔ አቧራ ብቻ የቀረበት ቦታ ላይ ዓይኔን ተክዬ «አለ» እላለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ «አለ» አልኩ። ከዚያ ጅግጅጋ የሚመላለሰውን ጎረቤታችንን ዓደንን አስጠርቶ፣ ሰዎቹን አጠያይቅልኝ ብሎ ለመነው። እኔ በሆዴ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ማን ይገኛል ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ዓደን ደውሎ ሐጂ ፋራህ ተገኝተዋል፣ ነገ ይመጣሉ አለኝ። በሰማንያ ሦስቱ ግርግር ከድሬ ወጥተው እዚያው ጅግጅጋ የቀሩ ሰው ናቸው። ታይዋን ሮጥኩና አሮጌ መስሎ የተሠራ አዲስ የቻይና ሬዲዮ ገዛሁ። መልኩ ቁርጥ የድሮውን ነው። ዓይነ ስውርና ሽማግሌ ምን ይለያሉ ብዬ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሐጂ ገና ከበር ላይ «ዋሪያ ሽመክት፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ምን ዓይነት ጥገና ነው?» ሲሉ አባባ ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። አባባም «ድሮ ተሠርቷል፤ የዘገየኸው አንተ ነህ» አላቸውና «ሂጂ አምጪለት» አለኝ።

አምጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ትንሽ ያዘው። ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰና ቀስ ብሎ መለሰው። «ፋራህ፣ ይሄ ያንተ አይደለም። ያንተን ሸጬዋለሁ። እኔ ነኝ። አፉ በለኝ» አለ።

ሐጂ በላስቲክ የተጠቀለለች ደረሰኛቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሬዲዮው የእናታቸው ነበር፤ ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ ሽመክት ጋ አለልኝ ይሉ እንደነበር ነገሩን። ከዚያ አፉ ብያለሁ አሉ። መሬት መሬት እያዩ ነው ያሉት። አባባ ማየት ባይችልም ድምፁ ወዴት እንዳጎነበሰ ሰምቷል።

ሐጂ ሊሰግዱ ሲወጡ አባባ «ስንት ቀሩ?» አለኝ። «አራት» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውሃ ብለው፣ ሾርባ ብለው፣ እግሩን ይዤ ብለምነው፣ አልዞረልኝም፤ እንደዞረ አረፈ።

ሐጂ ፋራህም ወደ ጅግጅጋ አልተመለሱም። ሦስቱን ቀን ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ከእድርተኛው ጋር ተቀምጠው፣ የመጣውን ሰው ከእኛ እኩል ሲቀበሉ ሰነበቱ። ዛሬ ልሂድ ሲሉኝ፣ እዚያ እህት አለችኝ፣ ይህን ወረቀት አድርሱልኝ ብዬ የቤትሽን ምልክት ነገርኳቸው። አማርኛ ያወራሉ እንጂ አያነቡም።

እንግዲህ ወረቀቱን ሰጥተውሽ ደጅሽ የቆሙት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ያንቺው ሬዲዮ ነው የሳቸው፤ ከጀርባው የተለጠፈውን ስልጥ ስማቸውን አንብቤዋለሁ። ስጦታ መልሺ ማለት ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። አስገቢያቸው። ሆዱ ባዶ ነው፤ እንጨቱ ግን እናታቸው የነኩት ነው። ጭናቸው ላይ አስቀምጪላቸውና ጋሽ ሽመክት የሰው ዕቃ ሸጦ አያውቅም፣ ልጁ ናት በያቸው። ሦስት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አፌ አልከፈት አለኝ።

ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፤ ከእኔ ዓይነቱም እጅ ይጠብቅሽ።

አብሮ አደግሽና ሚዜሽ፣
ከድሬ ዳዋ