የማይዘጋው ፕሮግራም

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከሰዓት 11
ዛሬም አጨበጨብኩ። ደብተሬ፣ መዳፌ ተላጠ እኮ!

ቴታ የመድረክ ጫማቸውን አጥልቀው ሳሎን መሃል ቆሙ፤ ዘፈኑ። የማዳሜ እናት ናቸው፤ ቴታ በእነሱ አያት ማለት ነው። ቴሌቪዥን እዚህ ቤሩት የገባ ሰሞን፣ ጥቂት ወራት ብቻ በታየ የዘፈንና የቀልድ ዝግጅት ላይ ዘፋኝ ነበሩ። በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው፤ የተቀረጸ የለም። አሁን ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። በየቀኑ ሳሎን ውስጥ እንደግመዋለን፤ እኔ አስተዋዋቂው ነኝ። ማይኬ የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ።

የመጣሁ ሰሞን መድኃኒት አልውጥም ብለው መዝፈን ጀመሩ። አጨበጨብኩላቸው፤ ዋጡ። ያኔ እጄን በቆረጠው!

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ማዳሜን ደግሜ ጠየቅኳት። ኮንትራቴ ካለቀ ዓመት አለፈው። ቲኬቱን ራሴ እችላለሁ አልኳት። ከፋሲካ በኋላ ብላኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከበጋው በኋላ፣ ኢንሻላህ። ለምትክ የመጣችዋን ልጅ ቴታ ሳህን ወረወሩባት፤ ፕሮግራም ማቅረብ አታውቅም ብለው። ያኒ ካላንቺ አይሆንም ነው ነገሩ።

ሜርሲ ሐቢብቲ፣ አመሰግናለሁ የኔ ውድ፣ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ ከውጭ ቆልፋብኝ ወጣች። ስማ ቆለፈች!

ፓስፖርቴ ቴታ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ፣ ከመስቀላቸው ጋር። ተኝተው ሳለ ልፈታው ሄጄ ነበር። ክሩን ነክቼ ተመለስኩ። ሌባ አይደለሁም። ያለ ፓስፖርት ብወጣ ደግሞ ሺያህ ሰፈር፣ ከአሠሪ ቤት ከጠፉት ከነብርቱካን ጋር ክፍል ተጋርቶ መደበቅ ነው። እኔ የምፈልገው አገሬን ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
እማዬ ደወለች። ለፋሲካ ያነጠፈችልኝን አልጋ ለአክስቴ ልጅ ሰጠችው። አልተቆጣችም፤ ስትመጪ መሬትም ቢሆን እናነጥፋለን አለች። ምነው በተቆጣችኝ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አስር ሰዓት ላይ ፊቴን ታጥቤ፣ አህለን ወሰህለን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ብዬ ቴታን አስተዋወቅኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 10
ቴታ ዛሬ ልባቸው ብሩህ ነው። የፕሮግራሙን የመጨረሻ ምሽት እንደገና አወሩልኝ። የጣቢያው አለቃ መጣና ኸላስ፣ በቃ፣ ፕሮግራሙ ተዘግቷል አለ። ሁሉም ሲያለቅስ እሳቸው የባልደረቦቻቸው ዕቃ የሚቀመጥበትን ሳጥን ከፍተው፣ የእያንዳንዱን ሰው ዕቃ በየስሙ እየጠሩ መለሱ። ግንባር እየሳሙ ሰደዱ። ይህን አውርተው ሲጨርሱ አለቀሱ፤ ምሳም አልበላ አሉ።

ይቺን ክፍል ሁሌ እዘላታለሁ። እንዳያዝኑብኝ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ወይ ጉድ! ለካ ፕሮግራሙን እንዳይዘጋ የያዝኩት እኔው ነኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ከሰዓት 9:30
ማዳሜ አንጠልያስ ሰፈር ፀጉር ቤት ናት። ወስኛለሁ።

ዛሬ የመጨረሻውን ምሽት እናቀርባለን። ፕሮግራሙ ተዘግቷል የምለው እኔ ነኝ። እንደዚያኔው ሳጥን ቁም ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ የሁሉንም ዕቃ በየስሙ ይመልሳሉ። የኔንም። ያለቅሳሉ፤ አውቃለሁ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ አንጀቴን እየበላኝ ነው። ጥያቸው አልሮጥም። ሾርባ ሠርቻለሁ፤ በሩ እስኪከፈት እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ማዳሜ ስትገባ ፓስፖርቴን ይዤ፣ ሻንጣዬ እግሬ ሥር ሆኖ ታገኘኛለች። ከዚያ ብትጮህም ትጩህ።

እየጠሩኝ ነው። ጫማቸውን ላጥልቅላቸው።